የቤት ጋራዥ ኮምፕረሰሬ አየር እያለቀበት ነው፣ ሁለተኛ ታንክ ብጨምርለትስ? (አዳማ)

ዲኤክስ_ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ። ግቢ ውስጥ መኪና የምታድርበትን ቦታ ቆርቆሮ አልብሼ ጋራዥ ቢጤ አርጌዋለሁ፣ ሙያዬ አይደለም ግን አንድ አሮጌ ዲኤክስ አለችኝ ቅዳሜና እሁድ እሷን ስነካካ ነው የምውለው። ኮምፕረሰሬ 2 ፈረስ ጉልበት ናት፣ ታንኳ 50 ሊትር፣ ግፊቱ 8 ባር ሲደርስ ትዘጋለች 6 ሲወርድ ትነሳለች። ጎማ ለመንፋት፣ አቧራ ለማራገፍ ምንም አይወጣላትም። ጉዷ የሚወጣው ቀለም ስጀምር ነው። አንድ በር ሳልጨርስ ጌጁ ይወርዳል፣ ስፕሬዩ መትፋት ይጀምራል፣ እስክትሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እሷ እስክትሞላ ደግሞ የቀባሁት ጫፉ ይደርቅና ስቀጥል መገጣጠሚያው ላይ መስመር ያወጣል። በዛ ላይ የሰፈራችን መብራት ታውቁታላችሁ፣ ልክ ቀለሙን በጥብጬ ስጨርስ ይሄዳል።

ጎረቤቴ ባዶ የቡታጋዝ ቦምቦላ አለው፣ ትልቁ፣ ውሰደው ብሎኛል በነፃ። ስሩን አስበስቼ ማፍሰሻ አስበይጄ በጎማ ከኮምፕረሰሩ ጋር ላገናኘው አስቤያለሁ። ሌላው ሐሳቤ ግፊቱን አይቶ ኮምፕረሰሩን የሚዘጋውና የሚያስነሳው ፕሬዠር ስዊች ላይ ያለችውን ብሎን አጥብቄ 8ቱን 10 ባር ማድረግ ነው፣ ያው ብዙ አየር ይይዝልኛል አይደል? የሞከረ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ጎሚስታው

ልጄ ብሎኗን አትንካ። መጀመሪያ እሱን ልበልህ ሌላው ይደርሳል። ታንኩ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ 8 ካለች 8 ነው፣ ፋብሪካው ለአንተ ብሎ የደበቀው 2 ባር የለም። ሞተሩም በ10 ባር ለመግፋት ሲታገል ይግላል፣ ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭም ቀድሞ ይከፈትና ሲያፏጭብህ ይውላል፣ ከዛ ሰው ተሰላችቶ ምን እንደሚያረግ አውቃለሁ፣ ሴፍቲውን አውጥቶ ብሎን ይገጥምበታል። እንደዛ ያረገ ጎሚስታ አይቻለሁ። እግዜር አትርፎታል፣ ግድግዳው ግን አልተረፈም።

ታንክ መጨመር ግን ጥሩ ነው፣ እኔም ጨምሬ ነው የምሰራው። ቡታጋዙን ተወውና ከተማህን እይ። አዳማ እኮ የጂቡቲ መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንክ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሞልቶልሃል። እሱ ለአየር ተብሎ የተሰራ ነው።

ዝም_ብላችሁ_ግዙ

ለምን ራሳችሁን ታደክማላችሁ? ይቺን ሽጠህ በቺንጋ የሚዞረውን ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ባለ 100 ሊትር ግዛ፣ አለቀ።

ዲኤክስ_ወዳጅ

ዝም ብላችሁ ግዙ ብሮ፣ ብሩን አንተ ስጠኝ እኔ ዝም ብዬ እገዛለሁ 😂

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ብሎኗን አልነካም። የፍሬን ታንኩን ግን ስንት ሊትር ነው የምፈልገው? ደግሞ ቡታጋዙ ምን ችግር አለው፣ ወፍራም ብረት አይደል እንዴ?

መካኒካል_ያለቀበት

ሂሳቡን እንስራው እስቲ ሰው ሁሉ በግምት ነው የሚያወራው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝ። ታንክ አየር አያመርትም። አየር የሚያመርተው ፓምፑ ነው፣ ታንኩ ያስቀምጣል እንጂ። እንደ ያንተ ባሉ ባለ 2 ፈረስ ጉልበቶች ሰሌዳ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ምናምን ተብሎ የሚጻፈው ፒስተኑ የሚጠርገው ቦታ ነው እንጂ በጎማው የሚወጣው አየር አይደለም፣ በእንደዚህ አይነት ትንንሽ ኮምፕረሰር ላይ የሚወጣው ከዛ 60 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያንተን 120 ሊትር በደቂቃ እንበል። መደበኛ የቀለም ስፕሬይ ጋን ደግሞ 200 ሊትር አካባቢ ይበላል። በየደቂቃው 80 ሊትር ይጎድልሃል ማለት ነው፣ ያቺን የምትከፍለው ታንክህ ናት።

አሁን ታንክህ ምን ያህል ልትከፍል ትችላለች? ስፕሬይህ በትክክል እንዲበትን ታንኩ ውስጥ ቢያንስ 3.5 ባር ይኑር ብለን እንያዝ። ከ8 እስከ 3.5 ድረስ 4.5 ባር አለ፣ በ50 ሊትር ሲባዛ 225 ሊትር የተዘረጋ አየር ይሆናል። 225 ለ80 ሲካፈል 3 ደቂቃ አትሞላም። አንድ በር ሳልጨርስ ያልከው እዚህ ጋ ነው። 100 ሊትር ብትጨምርበት 150 ይሆናል፣ 675 ሊትር፣ 8 ደቂቃ ገደማ ትቀባለህ። በር ቀርቶ ኮፈኑንም ትጨርሳለህ።

አሁን ሌላውን ጎኑን እይ። ያቺ ፓምፕ 150ውን ሊትር ከ3.5 መልሳ 8 ለማድረስ ያለማቋረጥ 5 ደቂቃ ተኩል ትሰራለች፣ ዱሮ 2 ደቂቃ ነበር የሚበቃት። ከባዶ ስትሞላ ደግሞ 10 ደቂቃ። ትንንሾቹ ኮምፕረሰሮች ብዙዎቹ ግማሹን ጊዜ እንዲሰሩ ግማሹን እንዲያርፉ ተብለው ነው የሚሰሩት። ስለዚህ ቀብተህ ስትጨርስ ሞልታ እንድትዘጋ ተዋት፣ ከዘጋችም በኋላ ትቀዝቅዝ። ወዲያው ሁለተኛውን በር ከጀመርክ ፓምፑን ነው የምትቀባው 😀

አዳማ ላይ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ። ከባህር ጠለል 1700 ሜትር አካባቢ ነን፣ እዚህ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር ገደማ ነው። ፒስተኑ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚህ ከላይ የጻፍኩትን የመሙያ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህል ጨምርበት። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ጂቡቲ ላይ ነው የሚሰራው።

ቶርክ_በሊታ

ወንድሜ ጥሩ አርገህ አስረዳኸው። ግን በአየር የሚሰራ መፋቂያ ሳንደር ሊጠቀም ከሆነስ? እሱ 350 ሊትር ምናምን ይበላል።

መካኒካል_ያለቀበት

አይሆንም። ጉድለቱ 230 ይሆናል፣ በ150 ሊትር ታንክም 3 ደቂቃ አይሄድም። ዝም ብሎ ሲሰራ ለሚውል መሳሪያ ታንክ መጨመር ትርጉም የለውም፣ እዛ ጋ ዝም ብላችሁ ግዙ ያለው ልክ ነው። ስቱኮውን በእጅህ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው ወይ በኮረንቲ የሚሰራውን ግዛ። ታንክ የሚጠቅመው ትንሽ ሰርቶ ለሚያርፍ ነገር ነው፣ ብሎን መፍቻ ኢምፓክት፣ ጎማ፣ አንድ በር ቀለም።

አዳሜ

እኔ የገረመኝ ከላይ ተራራው ላይ 51 ሜጋዋትና 153 ሜጋዋት በነፋስ የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች አሉን፣ ታች እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ አየር በጣሳ እናስቀምጣለን 😂😂

ኮረንቲ

😂 ነፋሱ ያንተ ነው ያለህ ማነው፣ የአገሪቱ የመብራት መስመር (ግሪድ) ውስጥ ነው የሚገባው።

ጠያቂው ግን የመብራቱን ነገር አንስቷል ማንም አልመለሰለትም። ታንክ የምትጨምረው መብራት ሲሄድ በር እንድትጨርስ ከሆነ የመካኒካሉን ሂሳብ ድገመው። መብራት ከሌለ 80 አይደለም የሚጎድልህ ሙሉ 200ው ነው። 675 ለ200 ሲካፈል 3 ደቂቃ ከምናምን ነው። አንድ በር ይጨርስልሃል፣ ሁለተኛውን አትጀምር።

መብራት ሲመጣ ደግሞ ዋናው ጣጣ ይመጣል። 2 ፈረስ ጉልበት 1.5 ኪሎዋት ነው፣ ሲሰራ 10 አምፔር ገደማ፣ ሲነሳ ግን ለጥቂት ጊዜ አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። መብራቱ ተንጠልጥሎ 180 ቮልት ሲመጣና አንተ ደግሞ በቀጭን ማራዘሚያ ከሳሎን ስበህ ከሆነ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እምምም እያለ ይቆማል፣ ከዛ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ይሄዳል። በቀጥታ ከቆጣሪው ቦርድ የራሱ ብሬከር ያለው 2.5 ሚሊ ሽቦ አስገባለት። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል ወይ ስዊቹን ዝጋ፣ ሲመጣ ትንሽ ቆይተህ አስነሳው።

አንድ ሌላ፣ ኮምፕረሰሩ ሲዘጋ ፒስስስ የሚለውን ድምፅ አዳምጥ። እሱ ፓምፑ ራስጌ ላይ የቀረውን አየር የሚለቀው ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሸክም ሳይኖርበት እንዲነሳ። ያቺ ድምፅ ካልተሰማች አየሩን የሚለቀው ቫልቭ አልሰራም ማለት ነው፣ ፒስስ ማለቷን ካላቆመች ደግሞ የታንኩ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ቆሽሿል። ትልቅ ታንክ ከመጨመርህ በፊት እሱን አስተካክል፣ ያለበለዚያ 150ው ሊትር ወደ ኋላ ተመልሶ ፒስተኑ ላይ ይቀመጥና ሞተሩ አይነሳልህም።

በያጁ

የቡታጋዙን ነገር ማንም በደንብ አልነገረውም። ዲኤክስ ወዳጅ፣ ጥንካሬ አያንሰውም ልክ ነህ፣ ቦምቦላው በ30 ባር አካባቢ ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ችግሩ ብረቱ አይደለም። ባዶ ነው የምትለው ባዶ አይደለም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ስሩ ይተኛል፣ ቫልቩን ከፍተህ ሳምንት ብታስቀምጠውም ትንሽ ይቀራል፣ ከጋዙ የሚቀር ዘይት ነገርም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እኔ ጋ እንደዚህ ያለ ቦምቦላ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፣ ታጠበ ይለኛል፣ አልነካም። ብልጭታው የት እንደሚገባ አታውቅም። ውሃ ሞልተህ ብትበይደው እንኳን የፋብሪካው ብረት በሙቀት የተስተካከለ ነው፣ አንተ ስሩን ስታግለው ያ ቦታ ዱሮ የነበረው ብረት አይደለም። እዛው ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛና ከውስጥ ይዝጋል። ከላይ ያለችው ቀዳዳ ብቻ ስላለችውም ሳትበሳው ልጠቀምበት ብትል ውሃውን የምታወጣበት የለም።

ለቀለምም አይሆንም። ያ ዘይቱ በአየሩ ይመጣና ቀለሙ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣልሃል፣ ቀለሙ ከዛች ነጥብ ይሸሻል። ሽታውም ወር አይለቅም።

ቶርክ_በሊታ

የኦክስጅን ቦምቦላስ? እሱ እኮ 150 ባር ይችላል። እኛ ሰፈር አንዱ ይጠቀማል።

በያጁ

150 ባር ቻለ አልቻለ አንተ የምትሞላበት 8 ነው። 40 ሊትር ቦታ ለማግኘት ከ50 ኪሎ በላይ ብረት ትሸከማለህ። ዋናው ግን እሱ አይደለም፣ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው አየር ዘይት አለው። ዘይቱ ቦምቦላው ውስጥ ይቀመጣል። ነገ እሱ ሰውዬ ይሸጠዋል፣ የገዛው ኦክስጅን ያስሞላበታል። ዘይትና በግፊት ያለ ኦክስጅን ሲገናኙ ክብሪት አይፈልጉም። ያንን ቦምቦላ የሚከፍተው በያጅ ደግሞ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ስለዚህ በግሌ እቃወማለሁ።

የእንጨት_ልጅ

ሰላም፣ እኔ ሐዋሳ ነኝ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ነው የምቀባው፣ መኪና ባይሆንም ችግሩ አንድ ነው። ሁላችሁም ስለ አየር ታወራላችሁ እኔ ስለ ውሃ ላውራ። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ይጥላል። ታንኩ ውስጥ ካልጣለው ጎማው ውስጥ ይጥለዋል፣ ጎማው ውስጥ ካልጣለው ቫርኒሼ ላይ። ክረምት ላይ ሐይቁ አጠገብ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፣ ማታ የታንኩን ማፍሰሻ ስከፍት የሚወጣው ውሃ ወተት ያለበት ሻይ ነው የሚመስለው፣ ዘይትና ዝገት ተቀላቅሎ።

ሁለተኛ ታንክ የወደድኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ታንክ ከፓምፑ ስር ነው ሁሌም ይሞቃል። ሁለተኛውን ከሞተሩ ራቅ አርጋችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ብታስቀምጡት አየሩ እዛ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዛ ይጥላል። ማፍሰሻው ከስሩ ይሁን፣ መውጫው ከላይ ወይ ከጎን። ማጣሪያውንና ግፊቱን የሚመጥነውን ሬጉሌተር ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ አትግጠሙት፣ እዛ ጋ አየሩ ገና ትኩስ ነው ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያልፋል። መጨረሻ ላይ፣ የስፕሬዩ ጎማ የሚሰካበት ጋ ነው።

ደግሞ ወንድሜ ታንክ ከመግዛትህ በፊት የስፕሬይ ጋንህን እየው። ትንሽ አየር የሚፈልጉ አሉ፣ በደቂቃ 120 እስከ 150 ምናምን ሊትር የሚሰሩ፣ ትንሽ ይዘገያሉ ግን ለአንድ በር ይበቃሉ። ያንተ ፓምፕ 120 አካባቢ ካመጣች ጉድለቱ በጣም ይቀንሳል።

መካኒካል_ያለቀበት

እህቴ ትክክል፣ ከሂሳቡ ሁለት ጎን አለ አንደኛውን ብቻ ነው የነካሁት። የሚበላውን መቀነስ ከሁሉም ይረክሳል።

ዲኤክስ_ወዳጅ

ኧረ ተባረኩ። ጋኑ ላይ የተጻፈውን አየሁት፣ ስፕሬዩ ከኮምፕረሰሩ ጋር በዕቃ የመጣ ነው፣ ምን ያህል እንደሚበላ የተጻፈ ነገር የለውም። ትንሿን ጋን እፈልጋለሁ። ቡታጋዙን ለጎረቤቴ መለስኩለት፣ ሚስቱ ለእንጀራ ሞልታበት እየጋገረችበት ነው 😀

የፍሬን ታንኩን ግን መግዛቴ አይቀርም። እንዴት አርጌ ነው ደህናውን የምለየው? ዝገት ያለበትን ቀብተው ይሸጡልኛል ብዬ እፈራለሁ።

ሲኖ_ሹፌር

ይቀቡልሃል። አትጠራጠር።

ጎኑ ላይ የተበየደች ወይም የተለጠፈች ሰሌዳ ትኖረዋለች፣ የስንት ሊትር እንደሆነና የሚችለውን ከፍተኛ ባር ትነግርሃለች። ሰሌዳ የሌለውን ተወው። የከባድ መኪና የፍሬን አየር በ8 እስከ 10 ባር ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ላንተ 8 በቂ ነው። ከተገጨ መኪና የወጣ ከሆነ እየዞርክ የተቆለመመ ቦታ ፈልግ፣ በተለይ ማሰሪያ ቀበቶው የሚያርፍበት ጋ ይበላል፣ ጭቃና ውሃ እዛ ይቀመጣል። የጂቡቲ መንገድ ላይ የኖረ ደግሞ ጨው አለው።

ጎሚስታው

ሹፌሩ ያለው ላይ እኔ አንዱን ልጨምር። ታንኩን ገልብጠህ ሆዱን እየው። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ የአይሱዙ ታንክ አምጥቶ ገጠምልኝ አለኝ፣ ጥቁር ቀለም አብረቅርቆ የተቀባ። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ማፍሰሻው አጠገብ ጫር ጫር አረግኩት። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ፣ ስሩ ቡናማ ዱቄት፣ ዱቄቱን ጠርጌ ጫፉን ስጫነው ካቻቢቴው ገባ። አልተበሳም፣ ግን ሩብ ብረት ነበር የቀረው። ልጁ ቀለሙን አይቶ ነው የገዛው። ታንክ ከውጭ ብቻ አይዝግም ከውስጥም ይዝጋል፣ ከውስጥም ከስሩ፣ ውሃው ከሚተኛበት።

ስለዚህ ማፍሰሻውን አስፈትተህ በቀዳዳው የስልክ መብራት አብራበት፣ ጣትህን አስገባ። ቅርፊት ቅርፊት የሚል ከሆነ ብሩን ወደ ኪስህ መልስ። ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

መካኒካል_ያለቀበት

ከዛ ደግሞ የውሃ ፈተና አስፈትነው። እስከ አፉ ውሃ ሙላው፣ ምንም አየር ሳይቀር፣ ቧንቧ ሰራተኞች መስመር የሚፈትኑበት የእጅ ፓምፕ አለ፣ በእሱ የምትሰራበትን አንድ ተኩል እጥፍ ግፊት ስጠው፣ ለ8 ባር 12 ማለት ነው። ጌጁ ሳይወርድ ግማሽ ሰዓት ከቆመ፣ ታንኩም ሆዱን ካልነፋ ደህና ነው።

ለምን በውሃ? ውሃ አይታመቅም ማለት ይቻላል፣ ታንኩ ቢቀደድ ፒስ ብሎ ይረጭና ያልቃል። በአየር ብትፈትነው ግን 150 ሊትር በ8 ባር ውስጥ ያለው ጉልበት አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ሲበር ያለው ነው። ዲኤክስህ እራሷ ጋራዡ ውስጥ በ60 ስትመጣብህ አስባት።

ዝም_ብላችሁ_ግዙ

ይሄን ሁሉ ከምትለፋ አዲስ ኮምፕረሰር አይሻልም ነበር? ታንክ፣ ቫልቭ፣ ፈተና፣ ቱቦ፣ የሰው ጊዜ። ደምረው እስቲ።

ኮረንቲ

ለስራ ከሆነ እውነትህን ነው። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚሰራው። ደግሞ ባለ 3 ፈረስ ጉልበቱን ያ መብራት አያስነሳለትም። ሌላ አየር ከፈለገ ሌላ ትንሽ ኮምፕረሰር ያገለገለ አግኝቶ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ማገናኘት ይችላል፣ ሁለቱም የራሳቸው ስዊችና ቼክ ቫልቭ ስላላቸው አይጣሉም። የአንዱን መነሻ ትንሽ ዝቅ አርጎ ማስተካከል ነው፣ ባንድ ጊዜ እንዳይነሱ። እሱ እውነተኛ አየር ይጨምራል፣ ታንክ ብቻ አይደለም።

ቶርክ_በሊታ

ማገናኛውን በፒቪሲ ቧንቧ ቢሰራው ይረክሳል፣ እኔ ጋራዤ ውስጥ በሙሉ ፒቪሲ ነው ምንም አልሆነም።

መካኒካል_ያለቀበት

ወንድሜ ዛሬውኑ አውርደው፣ በጣም ነው የምልህ። ፒቪሲ በውሃ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ በአየር ሲሆን ይፈነዳል፣ እንደ ብርጭቆ ነው የሚበታተነው። አሁን ምንም አልሆነም ማለት ሙቀቱና ዘይቱ እያደረቀው ነው ማለት ነው፣ አዳማ ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ስር ስንት ዲግሪ እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ። ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ይበቃል፣ ወይ ለአየር የሚሆን ወፍራም ጎማ።

ቶርክ_በሊታ

እሺ እሺ። ጎማ አስገባለሁ በቃ።

ዲኤክስ_ወዳጅ

እንግዲህ እንደገባኝ ልበልና አርሙኝ። ሁለት የፍሬን ታንክ እያንዳንዳቸው 40 ሊትር የሚሆኑ አየሁ፣ ሰሌዳ አላቸው፣ 10 ባር ይላል። ከነበረኝ ጋር 130 ሊትር ይሆናል፣ በአሁኑ ጋን 7 ደቂቃ ገደማ፣ በትንሿ ጋን ደግሞ ብዙም የሚጎድል የለም። ከኮምፕረሰሬ መውጫ በጎማ ወደ አንደኛው፣ ከእሱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው በማጣሪያና ሬጉሌተር ወደ ስፕሬዩ። መሀል ላይ መዝጊያ ቫልቮላ። ልክ ነው? ሴፍቲ ቫልቭስ ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው አይበቃም?

ኮረንቲ

ልክ ነው። ከኮምፕረሰሩ ወደ ታንኩ ብረት ቧንቧ አትግጠም፣ ጎማው ይሻላል፣ ኮምፕረሰሩ ሲሰራ ስለሚንቀጠቀጥ ብረቱ ኒፕሉ ጋ ይሰነጥቃል። ጎማው ½ ኢንች ይሁን ከዛ አይቅጠን፣ ቀጭን ከሆነ የኮምፕረሰሩ ታንክ ሞልቶ እያለ የኋላዎቹ ይራቡና ኮምፕረሰሩ ደጋግሞ ይነሳል። ፋሼታውን በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት አርግ።

ሴፍቲ አይበቃም። መዝጊያውን ስትዘጋው የኋላዎቹ ታንኮች ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ፀሐይ ቢመታቸው፣ ጋራዡ ቢቃጠል፣ አየሩ የሚወጣበት የላቸውም። እያንዳንዱ ታንክ የራሱ ሴፍቲ ይኑረው፣ በታንኩና በሴፍቲው መሀል ምንም መዝጊያ አይግባ። ከኮምፕረሰሩ ሴፍቲ ጋር እኩል ወይ ዝቅ ያለ ባር።

የእንጨት_ልጅ

መዝጊያዋ ሌላም ጥቅም አላት። ጎማ ለመንፋት ብቻ ከሆነ ዘግታችሁ ትንሿን 50 ሊትር ብቻ ትሞላላችሁ፣ 130ውን መሙላት ምን አስፈለገ። ቀለም ያለ ቀን ትከፍታላችሁ።

ግን ሙሉውን ታንክ በባዶው ላይ ስትከፍቱ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ባንዴ ከከፈታችሁት ከስር ያለው ዝገትና ውሃ ሁሉ ተነስቶ ይመጣል።

ጎሚስታው

መፍሰሱንም እይ። ሁሉንም ገጥመህ 8 ባር ሞልተህ አጥፋው፣ ማታ ጌጁን በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ጠዋት እየው። 1 ባር ከወረደ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የኦሞ አረፋ በቡሩሽ ቀባበት፣ አረፋው የሚያድግበት ጋ ነው። ቴፍሎኑን ከክሩ ጫፍ አንድ ጥርስ ትተህ ጠምጥም፣ ያለበለዚያ ቁራጩ ገብቶ ቼክ ቫልቩ ውስጥ ይቀመጣል።

አዳሜ

የአየር ማስገቢያውን ስፖንጅ ደግሞ አራግፉት፣ በዚህ ነፋስና አቧራ ፓምፑ አሸዋ ነው የሚጠጣው። የኔ ግማሽ ታፍኖ ነበር፣ ሳጸዳው መሙያ ጊዜው አጠረ።

ዲኤክስ_ወዳጅ

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ታንኮቹን ነገ እገዛለሁ፣ ግን የሆዳቸው ነገር አስፈራኝ። ቤትዎ ወንጂ መንገድ ላይ ከሆነ ቅዳሜ ይዤልዎት ልምጣና ይዩልኝ? ያቺ የቧንቧ ፓምፕስ ከየት ትገኛለች?

ጎሚስታው

ና። ፓምፑ ያለው የቧንቧ ሰራተኛ እኛው ጎን ነው፣ እጠራልሃለሁ። ማፍሰሻው ላይ የሚገባ ½ ኢንች ኒፕልና አንድ ብረት ቡሽ ይዘህ ና፣ እኛ ጋ ያለው ሁሉ የጎማ ልክ ነው። ውሃውን ግን እዚሁ ነው የምንሞላው፣ ሞልተህ እንዳትመጣ፣ ሁለቱ 80 ኪሎ ውሃ ይሆናሉ ባጃጁ አይጭንህም።